መጽሐፉ ከመደርደሪያው ተርፏል፦ በ3 በ3.2 ሜትር ክፍል ውስጥ ቤተ መጻሕፍትና የጥናት ቦታ እንዴት ይውጣ?

የመጻሕፍት እናት ጻፈች፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ነገሩን አስቀድሜ ልዘርዝረው።

ቤቱ አዲስ አበባ ነው፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ክፍሉ 3 ሜትር በ3.2 ሜትር ሲሆን ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.60 ነው። በአንዱ ባለ 3 ሜትር ግድግዳ መስኮት አለ፤ በሩ ከመስኮቱ ትይዩ ነው። ከባለ 3.2ቶቹ አንዱ የውጭ ግድግዳ ስለሆነ ክረምት ላይ ወዝ ያወጣል። ሌላኛው ከጎን ክፍል ጋር የሚዋሰን ደረቅ የብሎኬት ግድግዳ ነው።

መጽሐፉ ከ800 ሳይበልጥ አይቀርም። አማርኛ ልብ ወለድና ታሪክ፣ የእንግሊዝኛ የትምህርት መጻሕፍት፣ የጸሎትና የሃይማኖት መጻሕፍት፣ የልጆች ተረት፣ በዚህ ላይ የሥልጠና ወረቀትና ፎቶ ኮፒ አለ። ያሉት ሁለት የቺፕውድ መደርደሪያዎች 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት አላቸው፤ የሁለቱም መሃል ጎብጧል። የተረፈው በሁለት ረድፍ ተጠቅጥቆ፣ ወለል ላይ ተቆልሎ፣ አልጋ ሥር በካርቶን ገብቶ ነው ያለው። በዚሁ ክፍል ውስጥ የጥናት ጠረጴዛም መግባት አለበት።

ምን ዓይነት መደርደሪያ ላሠራ? በምን ቅደም ተከተል ልደርድር? እርጥበቱንስ ምን ላድርገው? አናጺ አላጣም፤ የቸገረኝ ለአናጺው ምን ብዬ እንደምነግረው ነው።

ካታሎግ ጻፈ፦

እህቴ፣ አናጺ ከመጥራትሽ በፊት መጽሐፉ ይለካ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የመጽሐፉን ብዛት ይቆጥራል እንጂ ርዝመቱን አይለካም። ለመደርደሪያ የሚያስፈልገው ቁጥር ግን «ስንት መጽሐፍ» ሳይሆን «በየቁመቱ ስንት ሜትር» የሚለው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። መጽሐፉን ሁሉ ወለል ላይ አውርጂና በቁመት ብቻ ለዪው። አንደኛው ክምር እስከ 21 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አብዛኛው የአማርኛ መጽሐፍ እዚህ ይገባል። ሁለተኛው ከ21 እስከ 25 ነው፤ የትምህርት መጽሐፍና ደረቅ ሽፋን ያለው ነው። ሦስተኛው እስከ 30 ያለው ነው፤ መዝገበ ቃላት፣ ትልልቅ ጥራዝ፣ አልበም። የልጆችን ለብቻው አድርጊው፤ ቁመቱ ዥንጉርጉር ስለሆነ ስሌቱን ያበላሸዋል። በርዕሰ ጉዳይ መለየት አሁን አትጀምሪ፤ ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ የጀመረ ሰው ሁለቱንም ሳይጨርስ ይመሻል።

ከዚያ እያንዳንዱን ክምር እንደ መደርደሪያ አቁመሽ፣ ጫፍና ጫፉን በከባድ ነገር ደግፈሽ በሜትር ለኪ። አጥብቀሽ አትጭመቂው። አንድ ጣት በመጽሐፉ ጀርባ መካከል ይዞ ሳይታገል ማውጣት መቻል አለበት። ውጤቱን እዚህ ጻፊልን።

አናጺው ጻፈ፦

ካታሎግ ያለው ትክክል ነው። እስክትለኪ ድረስ ስለ ጎበጠው መደርደሪያ ልንገርሽ። የጎበጠው እንጨቱ ስላረጀ አይደለም፤ 90 ሳንቲ ሜትር ያለ መሃል ድጋፍ ለቺፕውድ ስለሚበዛበት ነው።

የመጽሐፍን ክብደት ሰው ሁሉ አሳንሶ ይገምታል። ባለ 300 ገጹን ትንሽ መጽሐፍ እንየው። 300 ገጽ ማለት 150 ቅጠል ነው። በ80 ግራም ወረቀት የታተመ ከሆነ ወረቀቱ ብቻ 370 ግራም ይመዝናል፣ ከሽፋኑ ጋር ወደ 390 ይደርሳል። ውፍረቱ 1.6 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። በአንድ ሜትር ወደ 60 ይቆማል፤ ስለዚህ አንድ ሜትር ልብ ወለድ ከ23 እስከ 24 ኪሎ ይመዝናል። የትምህርት መጽሐፍ በሜትር 30 ይዘላል። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ያለው ትልቅ ጥራዝ 45ንም ሊያልፍ ይችላል።

ለ18 ሚሊ ሜትር ቺፕውድ ከ60 ሳንቲ ሜትር አትለፊ። ለ18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ሳንቃ) 75 ይበቃል፣ ያውም ፊቱ ላይ ማጠንከሪያ ከተደረገለት። 90 የግድ ካስፈለገ 25 ሚሊ የሆነ ደረቅ ጣውላ ይሁን።

ዘመሐንዲስ ጻፈ፦

አናጺው ያለውን በቁጥር ልደግፈው፣ ብዙ ሰው «15 ሳንቲ ቢጨምር ምን ይላል» ስለሚል። በእኩል የተጫነ ሳንቃ የሚጎብጠው በርዝመቱ አራተኛ ርቢ ልክ ነው። ከ60 ወደ 90 ስትሄጂ ርዝመቱ አንድ ተኩል እጥፍ ሆነ፤ ጉብጠቱ ግን አምስት እጥፍ ነው። ውፍረት ደግሞ በሦስተኛ ርቢ ያግዛል፦ 18ቱን ወደ 25 ሚሊ ማሳደግ ጉብጠቱን ከግማሽ በታች ያወርደዋል። ስለዚህ ከውፍረት በፊት ርዝመትን ማሳጠር ይቀድማል፤ ርካሹም እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ቺፕውድና ኤምዲኤፍ በመጀመሪያው ቀን የጎበጡትን ያህል ብቻ ጎብጠው አይቆሙም። ጭነቱ ሳይነሳ ሲከርም ጉብጠቱ በጊዜ ብዛት እጥፍ ሊሆን ይችላል። «ሲሠራ ቀጥ ያለ ነበር» የሚባለው ለዚህ ነው።

የመጻሕፍት እናት ጻፈች፦

ለካሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የገመትኩት ሁሉ ሌላ ሆኖ ተገኘ።

ትንሹ 640 መጽሐፍ፣ 11 ሜትር። መካከለኛው 150፣ 5 ሜትር። ትልቁ 60፣ 2 ሜትር ተኩል። የልጆች 120፣ አንድ ሜትር ብቻ። ወረቀቱና ፎቶ ኮፒው ስድስት ካርቶን ነው።

አናጺው ጻፈ፦

እንግዲህ ልክሽ ታወቀ። ለአናጺሽ ይህንን ገልብጠሽ ስጪው።

ቦታው ደረቁ ባለ 3.2 ግድግዳ ነው። የመደርደሪያው ጠቅላላ ስፋት 3 ሜትር፤ የሚተርፈው 20 ሳንቲ ሜትር በመስኮቱ በኩል ለመጋረጃ ይቅር። ጥልቀቱ 28 ሳንቲ ሜትር። ቁመቱ 2 ሜትር ከ40። ቋሚዎቹ 5፣ በመካከላቸው 4 ዓምድ፣ እያንዳንዱ ውስጡ 72 ሳንቲ ከ7 ሚሊ ሜትር ግድም። እርከኑ 8 ነው።

ከታች ስንጀምር 10 ሳንቲ ሜትር ባዶ መቆሚያ ይኑር፤ ወለል ሲታጠብ ውሃ የሚነካው መጽሐፉን ሳይሆን እሱን ነው። ከዚያ አንድ እርከን 33 ሳንቲ ክፍተት ለትልልቁ። ሁለት እርከን 28፣ 28 ለመካከለኛው። በላዩ አምስት እርከን 25፣ 25 ለትንሹ። የሳንቃውን 18 ሚሊ እየጨመርሽ ስትደምሪ ከነክዳኑ 240 ሳንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። የአንድ ሉህ ኤምዲኤፍ ርዝመት 2.44 ስለሆነ ቋሚው ሳይቀጠል ይወጣል። ቁመቱን 2.40 ያልኩትም ለዚሁ ነው።

ሉሁ 1.22 በ2.44 ነው። በ28 ሳንቲ ሲሰነጠቅ ከአንዱ 4 ዘንግ ይወጣል። ለቋሚ 5 ዘንግ። ለአግድም 36 ቁራጭ፤ ከአንድ ዘንግ 3 ስለሚወጣ 12 ዘንግ። ድምሩ 17 ነው፤ አምስት ሉህ ይገዛ። የሚተርፉት ሦስት ዘንጎች ለታችኛው መቆሚያና ከኋላ ግድግዳ ላይ ለሚታሰረው ማሰሪያ ይሆናሉ።

በየአግድሙ ፊት 4 በ2 ሳንቲ ሜትር ደረቅ እንጨት በቪናቪልና በብሎን ይመታ። ላዩ ከሳንቃው ላይ ጋር ትክክል ሆኖ ወደ ታች ይንጠልጠል። ጉብጠቱን የሚያስቀረው ይሄ ነው። ነገር ግን ከፊት በኩል ክፍተቱን 2 ሳንቲ ከ2 ሚሊ ይቀንሰዋል፦ 25ቱ 22.8 ይሆናል፣ 21 ሳንቲ መጽሐፍ ያልፋል። 33ቱ 30.8 ይሆናል፣ 29.7 የሆነው ያልፋል፣ ግን ጠባብ ነው። አናጺው «33ቱን 32 ላድርገው» ካለሽ እምቢ በይ።

ኤምዲኤፍ በጠርዙ በኩል ብሎን ሲገባበት ይሰነጠቃል። ባለ 4 ሚሊ ብሎን ከሆነ አስቀድሞ በ3 ሚሊ ፑንታ ይበሳ። ሚስማር በጠርዝ በኩል አይመታ፤ መጽሐፍ ሲጫንበት ቀስ በቀስ ይወጣል። ከኋላ 4 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ይምጣ። ብዙ ሰው ለማስዋብ ይመስለዋል፤ ሥራው ግን መደርደሪያው ወደ ጎን እንዳይንጋደድ መያዝ ነው።

ካታሎግ ጻፈ፦

ስሌቱን አየሁት። አራቱ ዓምድ በአንድ እርከን 2.91 ሜትር ይይዛል፣ በ8 እርከን 23.3 ሜትር ግድም። የልጆቹን አንድ ሜትር ከዚህ አውጪው፤ እነሱ በመስኮቱ ሥር 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ዝቅተኛ ሣጥን ላይ ይሁኑ፣ ልጅ ራሱ አውጥቶ ራሱ የሚመልስበት። ያኔ የሚቀመጠው 18 ሜትር ተኩል ነው፤ 20 ከመቶ የሚሆን ባዶ ይተርፍሻል። ባዶው ቦታ ብክነት እንዳይመስልሽ። ሙሉ በሙሉ የሞላ እርከን ላይ አንድ አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ ሌላው አግድም ይተኛል፣ ከዚያ በላዩ ላይ ሌላ፤ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰሽ ካለሽበት ነሽ። ባዶውን በየእርከኑ መጨረሻ በትኚው እንጂ አንድ ቦታ አትሰብስቢው።

ዘመሐንዲስ ጻፈ፦

ክብደቱ አሳስቦኝ ደመርኩት። ሁሉም እርከን ቢሞላ መጽሐፉ 670 ኪሎ አካባቢ ነው። እንጨቱ ሲጨመር 850 ገደማ። የመኖሪያ ቤት ወለል ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ እንዲችል ሆኖ ነው። የክፍሉ ወለል 9.6 ካሬ ስለሆነ ጠቅላላው አያሰጋም። የሚያሰጋው ጭነቱ በጠባብ መስመር መሆኑ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ሥር ይሁን፤ ክፍል ለመክፈል ተብሎ ወለል መሃል አይቁም። ወለሉ ወይም ከታች ያለው ኮርኒስ ቀድሞ የተሰነጠቀ ከሆነ መጽሐፍ ከመጫኑ በፊት ባለሙያ ይየው።

አሁን ዋናው ነገር፦ 2.40 ቁመት ያለው መደርደሪያ ከግድግዳ ጋር ካልታሰረ ልጅ ሲንጠለጠልበት ይወድቃል። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም፤ መጽሐፍ ከመግባቱ በፊት ይታሰር።

ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ተራው አጭር ፊሸር ከ3 ሳንቲ ያነሰውን የብሎኬት ፊት አልፎ ባዶው ውስጥ ይሽከረከራል፤ ብሎኑ የጠበቀ ይመስላል፣ ሲሳብ ግን ነቅሎ ይወጣል። ሦስት ነገር ይደረግ። ድሪሉ የመዶሻ ምቱ ጠፍቶ በመዞር ብቻ ይብሳ፤ ምቱ የብሎኬቱን ፊት ከውስጥ ያፈርሰዋል። ለባዶ ግድግዳ የተሠራው ረጅም ፊሸር፣ ማለትም ከውስጥ ተጣጥፎ የሚቋጠረው፣ ይፈለግ። በየቋሚው አናት አንድ፣ በድምሩ አምስት ቦታ ይታሰር። ክብደቱን ወለሉ ይሸከማል፤ ግድግዳው ወደ ፊት እንዳይወድቅ ብቻ ይይዘዋል። የጎኑ ግድግዳ ብሎኬት ሳይሆን አግሮስቶን የሚባለው ስስ የግድግዳ ሰሌዳ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ አንኳኩተሽ እንደ ካርቶን የሚጮህ ከሆነ እዚያ ላይ አትመኪ፣ ማሰሪያውን ወደ ኮለኑ ወይም ወደ ቢሙ አድርሺው።

ሀሌታ ጻፈች፦

መደርደሪያው ካለቀ ቅደም ተከተሉን እናውራ። እዚህ ላይ የአማርኛ መጽሐፍ የራሱ ጠባይ አለው፤ የውጭ አገር መመሪያ እንዳለ ቢወሰድ ያሳስታል።

አንደኛ፣ ኢትዮጵያዊ ደራሲ በራሱ ስም ነው የሚደረደረው እንጂ በአባቱ ስም አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ «ሐ» ላይ ናቸው እንጂ «ዓ» ላይ አይደሉም። እንግሊዛዊው ደራሲ ግን በቤተሰብ ስሙ ይሄዳል። ሁለቱን አንድ እርከን ላይ ስትቀላቅዪ ይህን ካልወሰንሽ ሁልጊዜ ትፈልጊያለሽ። ማዕረግ ከፊት ካለ ይታለፋል፦ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ብ» ላይ ሳይሆን «ኅ» ላይ ይገኛሉ።

ሁለተኛው ከባዱ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እንዲሁ። አንዱ አሳታሚ «ሐዲስ» ሲል ሌላው «ሀዲስ» ይላል። ኮምፒውተር ደግሞ በፊደል ገበታው ቅደም ተከተል ስለሚደረድር ሀን መጀመሪያ፣ ሐን ከለ በኋላ፣ ኀን ከቸ በኋላ ያደርጋቸዋል። አንድ ደራሲ ሦስት ቦታ ተበተነ ማለት ነው። መደርደሪያ ላይ ሁሉንም እንደ አንድ ፊደል ቁጠሪያቸው። መጽሐፉ ላይ የተጻፈውን ግን አታርሚ፤ ዝርዝርሽ ላይ ርዕሱን እንደታተመ ጻፊው።

ጉግል ሺትስ ላይ የምትመዘግቢ ከሆነ ከደራሲው ዓምድ ጎን «መደርደሪያ ስም» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሪ። ስሙን ገልብጪና በዚያ ዓምድ ላይ ብቻ «ፈልግና ተካ» አድርጊ፦ የሐ ሰባት ቅርጾች ወደ ሀ (ሐ ወደ ሀ፣ ሑ ወደ ሁ እያልሽ)፣ የኀ ሰባቱ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። 35 ጊዜ ነው። መጨረሻ ላይ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ። እነዚህ ሁለቱ የግድ መጨረሻ ላይ ይሁኑ፤ ቀድመሽ ካደረግሻቸው ሓ በኋላ ወደ ሃ ተቀይሮ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ዝርዝሩን በዚህ ዓምድ አስደርድሪው።

ሦስተኛ፣ የታተመበት ዓመት። አማርኛው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ እንግሊዝኛው በፈረንጅ። አንድ ዓምድ ላይ ከጻፍሻቸው 2008 የታተመ የእኛ መጽሐፍና የፈረንጅ 2008 እኩያ ይመስላሉ፤ በመካከላቸው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አለ። ሁለት ዓምድ ይኑር። የድሮ ኅትመት ዓመቱን በግእዝ ቁጥር ይጽፈዋል፦ ፲፱፻፷፰ ካለ 1968 ነው።

የመጻሕፍት እናት ጻፈች፦

ሀሌታ፣ ይህ ሁሉ ሰው ሲነግረኝ የመጀመሪያዬ ነው። ታዲያ መላው ቤት በደራሲ ይደርደር ማለትሽ ነው? ወይስ በርዕሰ ጉዳይ? በስልክ መጽሐፍ የሚመዘግቡት ነገሮችስ ይሠራሉ?

ካታሎግ ጻፈ፦

በርዕሰ ጉዳይ ጀምሪ፤ በየጉዳዩ ውስጥ በደራሲ። ለ850 መጽሐፍ ከ8 እስከ 10 ክፍል ይበቃል። ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀምበት የዲዊ ቁጥር ለአንቺ አያስፈልግም፤ አስተሳሰቡን ግን መዋስ ትችያለሽ። በዲዊ የአማርኛ ቋንቋ 492.87 ላይ ነው፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87 ላይ፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ። ለዓለም ቤተ መጻሕፍት ይመቻል፤ አማርኛ በሚበዛበት ቤት ግን ግማሹ መጽሐፍ አንድ ቁጥር ሥር ይጨናነቃል። ስለዚህ ልብ ወለድ፣ ግጥምና ተውኔት፣ ታሪክና የሕይወት ታሪክ፣ ሃይማኖት፣ ቋንቋና መዝገበ ቃላት፣ ትምህርት፣ ጤናና ሙያ፣ ልዩ ልዩ እያልሽ ክፈይው። አንድ ክፍል ከሁለት ሜትር ካለፈ ለሁለት ይከፈል። ከ30 ሳንቲ ካነሰ ከጎረቤቱ ጋር ይቀላቀል።

ስልኩን በተመለከተ፣ ከኋላ ያለውን የመስመር ኮድ አንብቦ ርዕሱን የሚያመጣው መተግበሪያ ለእንግሊዝኛው ጊዜ ይቆጥባል። የእኛዎቹ አዳዲስ መጻሕፍት 978-99944 የሚል መነሻ ያለው ቁጥር ይኖራቸዋል፤ ግን ቁጥሩ ቢኖርም መተግበሪያው ብዙ ጊዜ አያገኘውም። የቆዩት ደግሞ ቁጥሩም የላቸውም። አማርኛውን በእጅ ለመጻፍ ተዘጋጂ። ስድስት ዓምድ ይበቃል፦ ደራሲ፣ መደርደሪያ ስም፣ ርዕስ፣ ዓመት በኢትዮጵያ፣ ዓመት በፈረንጅ፣ ቦታ።

ለቦታው አራቱን የመደርደሪያ ዓምዶች ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ በያቸው። ሐን ዝለዪው፤ ከሀ ጋር ይምታታል። እርከኖቹ ከላይ ወደ ታች 1 እስከ 8። «መ4» ሲባል ቤቱ ሁሉ የት እንደሆነ ያውቃል። ምልክቱን በእርሳስ ከሽፋኑ ውስጥ ጻፊው። መጽሐፉ ጀርባ ላይ ተለጣፊ አታድርጊ፤ ሙጫው ሽፋኑን ያቆሽሸዋል፣ ሲነሳም ቀለሙን ይዞ ይነሳል።

ጥራዝ ጻፈ፦

ማንም ስለ እርጥበቱ በዝርዝር አልመለሰልሽም። ደረቁን ግድግዳ መምረጥሽ ግማሹን ፈውሶታል። ቢሆንም ከመደርደሪያው ኋላ 5 ሳንቲ ሜትር አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተው፤ ማሰሪያው ዘንግ ይህን ክፍተት ይይዘዋል። የአየር እርጥበት መለኪያ ትንሿ ዲጂታል መሣሪያ እርከን ላይ ትቀመጥ። ከ45 እስከ 55 ከመቶ ጥሩ ነው። ከ65 በላይ ለቀናት ከቆየ ሻጋታ ይጀምራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቀትር ላይ ዝናብ ሲያባራ መስኮት ይከፈት፣ ማታ ይዘጋ። ሰው «ይናፈስ» ብሎ ሌሊት ክፍት ያድራል፤ እርጥበቱን የሚያስገባው ግን እሱ ነው።

ሻጋታ ያየሽበት መጽሐፍ ቶሎ ከሌሎቹ ይለይ። በእርጥብ ጨርቅ አይወልወል፤ ቅንጣቶቹ ወረቀቱ ውስጥ ይገባሉ። ጥላ ባለበት አየር ላይ ገጹ ተበትኖ ይድረቅ፤ ሲደርቅ ጭንብል አድርገሽ ደጅ ላይ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊው። ፀሐይ ላይ አታስጪው። ሙጫው ይሰነጠቃል፣ ሽፋኑም ይቆለመማል።

አልጋ ሥር የነበሩትን ካርቶኖች በቀጥታ ወደ መደርደሪያ አታስገቢ። እያንዳንዱን ነጭ ወረቀት ላይ ገልብጠሽ ቀስ አድርገሽ አንኳኪው። እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ ከወደቀና ወረቀቱ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ካለ ነቀዝ አለበት። ክንፍ የሌላት፣ ዓሣ የምትመስል ብርማ ተባይ ከሮጠች ደግሞ እርጥበትና ሙጫ ተከትላ የመጣች ናት። መድኃኒት መጽሐፍ ላይ አትንፊ፤ ወረቀቱን ይበክላል፣ አንባቢውንም ይጎዳል። ናፍታሊንም ከመጻሕፍት መካከል አይቀመጥ። ጥሩው መንገድ ብርድ ነው። መጽሐፉን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለሽ፣ አየሩን አውጥተሽ፣ አጥብቀሽ አሽጊና -18 ዲግሪ በሚደርስ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዪው። ስታወጪው ከረጢቱን 24 ሰዓት ሙሉ አትክፈቺ። ቶሎ ከተከፈተ የአየሩ እርጥበት ቀዝቃዛው ወረቀት ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል፣ ከነቀዙ የባሰ ጉዳት ነው። ብራና፣ ቆዳ ሽፋን ያለው መጽሐፍና ፎቶግራፍ ግን ፍሪዘር አይገቡም።

ምስጥ የሚያሰጋው በይበልጥ ምድር ቤት ላይ ነው። ያም ሆኖ በግድግዳና በመቆሚያው ላይ የጭቃ መስመር ካየሽ ምስጥ ነው፤ በዓመት ሁለቴ መደርደሪያው ሥር ባትሪ አብርተሽ እዪ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ጻፈ፦

ጥራዝ ላለው አንድ ልጨምር፣ ከአገር ውጭ ቤዝመንት (ከመሬት በታች ያለ ክፍል) ውስጥ ለሚያስቀምጡ ወገኖች። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በጋው ወበቃም ነው፤ ቤዝመንት ውስጥ እርጥበቱ በቀላሉ 65ን ያልፋል። እርጥበት መጣጩ መሣሪያ 50 ላይ ይደረግ፣ ውሃው በቱቦ በቀጥታ ወደ ወለል መውረጃ ይሂድ። በባልዲ የሚጠራቀም ከሆነ ባልዲው ሲሞላ መሣሪያው ራሱን ያጠፋል፤ ሰው ለዕረፍት ሄዶ ሲመለስ ሻጋታ ይጠብቀዋል። የታችኛው እርከን ደግሞ ከወለሉ ከ10 ሳንቲ ከፍ ይበል፣ የውሃ ማሞቂያው እዚያው ከሆነ 15።

የመጻሕፍት እናት ጻፈች፦

ካርቶኖቹን ነገ አንኳኳለሁ። ሙጫቸው የለቀቀ፣ ቅጠላቸው የሚወድቅ አሥራ አምስት ያህል መጻሕፍት አሉ፤ ምን ላድርጋቸው? ጠረጴዛውስ የት ይሁን?

ጥራዝ ጻፈ፦

በፕላስተር አትለጥፊያቸው። ፕላስተር በዓመታት ውስጥ ቢጫ ይሆናል፣ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ ጠጋኝም አይረዳም።

የወደቀው አንድ ቅጠል ብቻ ከሆነ ቪናቪል ኮላ ቀጭን ብሩሽ ላይ አድርጊና ከቅጠሉ የውስጥ ጠርዝ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀቢ። ወደ ጥልቀቱ ገፍተሽ ከሌሎቹ ጠርዝ ጋር አስተካክዪው። ከሁለቱም በኩል ሰም የተቀባ ወረቀት አስገቢ፤ ያለሱ ሦስት ቅጠል አንድ ላይ ይጣበቃል። ዝጊና ከላዩ ሦስት አራት ከባድ መጻሕፍት ጭነሽ 24 ሰዓት ተዪው። ጀርባው ሙሉ በሙሉ ለቅቆ ቅጠሉ የተበተነ ከሆነ ግን ወደ ጠራዥ ውሰጂው። በክር እንዲሰፋልሽ ጠይቂ፤ እንደገና በሙጫ ብቻ ከተጣበቀ ያው ይመለሳል። ጠርዙን ሲከረክም ጽሑፉ እንዳይቆረጥ ከውስጥ በኩል ያለውን ክፍት ቦታ አስቀድመሽ አሳዪው።

ዘመሐንዲስ ጻፈ፦

ጠረጴዛው በውጭው ግድግዳ በኩል ይሁን፤ እርጥበት ለጠረጴዛ ብዙም አይከፋም፣ ለመጽሐፍ ነው የሚከፋው። 5 ሳንቲ ከግድግዳው ይራቅ። ፊትሽን ወደ ግድግዳው አድርገሽ ስትቀመጪ መስኮቱ በግራ በኩል ከሆነ በቀኝ እጅ ለሚጽፍ ሰው ጥላ አይጥልም። በቀኝ ከሆነ የቀን ብርሃኑን ትተሽ በግራ በኩል መብራት አድርጊ፤ ግራኝ ለሆነ ሰው ይህ ይገለበጣል። መስኮቱን በጀርባሽ አታድርጊ፤ የኮምፒውተሩ ስክሪን ያንጸባርቃል።

ቁመቱ ከ72 እስከ 75፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 1.20። መጽሐፍና ላፕቶፕ ጎን ለጎን የሚከፈት ከሆነ 1.40 ይሻላል። መደርደሪያው 28ና ከኋላው 5፣ ጠረጴዛው 60ና ከኋላው 5 ሲቀነስ ከሦስት ሜትሩ ሁለት ሜትር ይተርፋል። ወንበር ወደ ኋላ ተገፍቶ ሌላ ሰው ከመደርደሪያው መጽሐፍ ማውጣት ይችላል። ለንባብ የሚመከረው ብርሃን 500 ሉክስ ነው። የኮርኒሱ አምፖል ብቻውን ይህን አይደርስም፤ 9 ወይም 10 ዋት የሆነ ኤልኢዲ ያለው የጠረጴዛ መብራት፣ ቀለሙ 4000 ኬልቪን የሆነ፣ ገጹ ላይ ይብራ። ባትሪ ያለው ቢሆን መብራት ሲጠፋም ያነባል።

የፀሐይ ጨረር በቀጥታ የሚያርፍበት እርከን ካለ መጋረጃው ይዘጋ። መጽሐፉ ጀርባ ላይ ያለው ቀይና ቢጫ ቀለም ቀድሞ ይጠፋል፤ ርዕሱ በቀይ የተጻፈ ከሆነ ሊነበብ አይችልም።

ካታሎግ ጻፈ፦

ስለ ስድስቱ ካርቶን ወረቀት ማንም አላነሳም። ከመጽሐፍ በላይ ክፍል የሚያጠበው እሱ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂው፦ «ይህን ወረቀት ሌላ ቦታ ማግኘት እችላለሁ?» ኢንተርኔት ላይ ያለ ወይም መጽሐፉ እቤት ያለ ፎቶ ኮፒ ይውጣ። በእጅ የተጻፈበት፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት፣ የትም የማይገኝ የሥልጠና ወረቀት ይቅር። የሚቀረው በቆመ የፋይል ሣጥን ይግባ፤ ከስድስቱ ካርቶን ሁለት የሚሞላ ሣጥን ቢተርፍሽ ነው። ጀርባቸው ላይ ርዕስ የሌላቸው ቀጫጭን ጥራዞችም እንደዚሁ በርዕሰ ጉዳይ በሣጥን ይሰብሰቡ፤ መደርደሪያ ላይ ብቻቸውን ከቆሙ በሁለት ወፍራሞች መካከል ይሰወራሉ።

ከመጽሐፉም የሚወጣ ይኖራል። ሁለት ጊዜ የተገዛ፣ እትሙ ያለፈበት የትምህርት መጽሐፍ። ወደ ቤተ መጻሕፍት ከመውሰድሽ በፊት ደውለሽ ምን እንደሚቀበሉ ጠይቂ፤ 4 ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከሕዝብ መጽሐፍ ሲሰበስብ ቆይቷል። በየሰፈሩ ያለ ትምህርት ቤትም ደህና የሆነውን ይፈልጋል። ገጹ የተቀደደውን ግን ለማንም አትስጪ።

የመጻሕፍት እናት ጻፈች፦

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ሰው እየተዋሰ የማይመለሰውንስ? ከሃያ በላይ መጽሐፍ ማን ጋ እንዳለ አይታወቅም።

ካታሎግ ጻፈ፦

ጠንካራ ካርቶን በ10 በ22 ሳንቲ ሜትር ቁረጪ፣ ሠላሳ ያህል። መጽሐፍ ሲወጣ ካርቶኑ በመጽሐፉ ቦታ ይቁም፦ የተዋሰው ሰው ስም፣ ርዕሱ፣ የወጣበት ቀን። ከ21 ሳንቲ መጽሐፍ አንድ ሳንቲ ከፍ ስለሚል ከሩቅ ይታያል። ዝርዝርሽ ላይም «ቦታ» የሚለው ዓምድ ውስጥ «መ4» የነበረውን ሳታጠፊ ከጎኑ የሰውየውን ስም ጨምሪ። ካርቶኑ ላይ ያለውን በእርሳስ ጻፊው እንጂ በቢክ አይሁን፤ መጽሐፉ ሲመለስ ጽሑፉ ይጠፋና ያው ካርቶን ለሚቀጥለው ያገለግላል።

አሁን ለጠፉት ሃያዎቹ ደግሞ ዛሬውኑ ካርቶን ጻፊላቸው፣ ሰውየው ባይታወቅም ርዕሱን ብቻ። ቤት የመጣ እንግዳ ርዕሱን ሲያይ «ይሄ እኮ እኔ ጋ ነው» ይላል።